የአርባ ቀን ስንቅ

ሐምዳም ኡስታ በማርጊላን ከተማ ለአምስት መቶ ሰው ኦሽ የሚሉትን የሠርግ ሩዝ ሲያበስል እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ነው። ሩዙን ከካሮቱና ከበጉ ሥጋ በላይ በዚያ ግዙፍ ድስት ውስጥ ሲያስተኛው፣ ዙሪያውን ቆመው የሚያዩት ወንዶች ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ያለ እሱ ሠርግ ሠርግ አይመስልም፤ ሐዘን የደረሰበት ቤትም ከመቃብር ቆፋሪው ቀጥሎ የሚልከው ወደ እሱ ነው። ኡስታ፣ ማለትም ባለሙያ፣ እየተባለ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምስጋና ጠግቧል። እንግዲህ ይኸው ሰውዬ ነው፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ግቢው ውስጥ ከወይኑ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ከንፈሩ የተንቀጠቀጠው።

የደወለችው አንድያ ልጁ ሙየሰር ናት። የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች።

«ዳዳ፣ አማቴ አርባውን ቀን እዚሁ ነው የምትታረሺው አሉኝ» አለችው። እነሱ ዘንድ አባት ዳዳ ነው የሚባለው።

«እንዴት እዚያ? የመጀመሪያ ልጅ ተወልዶ የሚታረሰው በእናት ቤት አይደለም እንዴ?»

«እኔም እንደዚያ አልኳቸው። ‹እናትሽ ብትኖር እኔው ራሴ ወስጄ አስረክባት ነበር፤ ሴት በሌለበት ቤት አራስ አትተኛም› አሉኝ።»

የሐምዳም ሚስት ኢኖያት ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ቤቱ ውስጥ እሱና የሚሞላው ያጣ የግድግዳ ሰዓት ብቻ ናቸው።

«አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት።

«እኔማ…» አለች። «ክፉ ሰዎች አይደሉም ዳዳ። ባሌ ኡልማስም ታሽከንት ሥራ ላይ ሆኖ በየቀኑ ይደውልልኛል። ግን እዚህ ምራት ነኝ። የባሌ አባት እያለ እግሬን ዘርግቼ መተኛት አልችልም። ሲነጋ ግቢ ሳልጠርግ ብውል የሚቆጣኝ የለም፤ እኔው ራሴ ነኝ የማልተኛው። እማዬ ክፍል ውስጥ መተኛት ነው የምፈልገው።»

«ትተኛለሽ!» አለ ሐምዳም። እንዴት አድርጎ የሚለው ነገር የመጣበት ስልኩን ከዘጋ በኋላ ነው።

ወንድ ልጅ ሲጨንቀው የሚያውቀውን ነው የሚያደርገው። ጓዳው ውስጥ የሠርግ ሥጋ የሚያስቀምጥበት፣ ሰው የሚያስተኛ ትልቅ ፍሪዘር አለው። ባዶ አደረገና በፍል ውሃ አጠበው። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ኦሽ ሠራ፤ ያውም ቀልድ አይደለም፣ ዘቢብና ሽምብራ ያለው፣ የከንቲባ ልጅ ሲዳር የሚሠራውን ዓይነት። አቀዘቀዘው፣ በአርባ ፌስታል ከፋፈለው፣ በየፌስታሉ ላይ በትልቁ አንደኛ ቀን፣ ሁለተኛ ቀን እያለ እስከ አርባ ጻፈበት። ክዳኑን ዘጋ። ዘወር ብሎ መጣና እንደገና ከፍቶ አየው። ልቡ ቅቤ ጠጣ። ወዲያው ለአማቲቱ ለኡጊሎይ ደውሎ «ኩዳ፣ መጥተው ቤቱን ይዩልኝ» አላት። ልጅና ልጅ ያጋቡ ሰዎች እርስ በርስ ኩዳ ነው የሚባባሉት።

ኡጊሎይ ሐሙስ ዕለት መጣች። ዕድሜዋን በሐር ሽመና የፈጀች፣ ቀጭን፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። እሷ ከመግባቷ ጎረቤቲቱ ቶጂ ቡቪ ማንም ሳይጠራቸው ከተፍ አሉ። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ቡቪ ማለት አያት ነው፣ የመንገዱ ሰው ሁሉ የሚጠራቸው እንደዚያ ነው። «በሩ ክፍት ነበር» አሉ ተቀምጠው። በሩ ክፍት አልነበረም።

ኡጊሎይ የኢኖያትን ክፍል አየች። ፍራሹ ፀሐይ ጠግቧል፣ መስኮቱ ተወልውሏል። ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ሐምዳም በኩራት ወደ ጓዳ መራትና ክዳኑን ብድግ አደረገ።

«ይኸው። አርባ ቀን። ልጄ አንድ ቀን አትራብም።»

ኡጊሎይ አንዱን ፌስታል አንስታ በጣቷ ዳበሰችው። «ሽምብራ አለው?»

«የሠርግ ኦሽ እኮ ነው! ያለ ሽምብራ ምኑን ኦሽ ሆነ።»

ቶጂ ቡቪ መጀመሪያ ትከሻቸው ብቻ ነው የሳቀው። ቀጥሎ ወገባቸውን ይዘው ተንፈቀፈቁ። «ወይ አንተ ሐምዳም! ሽምብራ ለአራስ! እሷ በልታ፣ ልጁ ከጡቷ ስቦት፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ አርባ ቀን ሲጮህ ልትሰማው? ልጅህን ልታሳርስ ነው ወይስ እንደገና ልትድራት?»

«ሩዙም ቢሆን ቀዝቃዛ ነው» አለች ኡጊሎይ በቀስታ። «አራስ የሚያስፈልጋት ሙቅ ነገር ነው።»

«እኔ እኮ አሙቄ ነው የምሰጣት!» አለ ሐምዳም።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። የበግ ሥጋ በረዶ ላይ ቢያድርም ሙቅ፣ ሩዝ ቢፍለቀለቅም ቀዝቃዛ መሆኑን፣ ነገሩ የእሳት ሳይሆን የባሕርይ መሆኑን ማርጊላን ውስጥ የማያውቅ የለም። ሐምዳምም ያውቃል። ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያበላው ጤነኛ እድምተኛ ነው፤ ሠርግ ላይ ሆኖ ስለ አራስ ያሰበ ማን አለ? ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

ኡጊሎይ ፌስታሉን ወደ ቦታው መለሰችው። ሳቅ የሚባል ነገር ፊቷ ላይ አልነበረም። «ኡስታ፣ ልብዎ ሰፊ ነው። ምግቡንስ ይማሩታል እንበል። እግርዎስ? ጧት ሠርግ ቤት፣ ከሰዓት ለቅሶ ቤት ነው የሚውሉት። ከለቅሶ ቤት የመጣ እግር አርባ ቀን ያልሞላው ልጅ ያለበት ደጅ አይረግጥም።» የፍሪዘሩን ክዳን ዝቅ አደረገች። «እኔ የመጀመሪያ ልጄን በአርባው ውስጥ ነው የቀበርኩት። አጎቴ ከቀብር ተመልሶ ዘው ብሎ ገብቶ ነበር። ሐኪሙ ሳንባው ነው ብሎኛል። ልክ ይሆናል፣ የተማረ ሰው ነው። ለኔ ግን እስከ ዛሬ የሚታየኝ ያ እግር ነው፤ ጭቃ ነበረበት።»

ሐምዳም ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበር።

በሩ ድረስ ሸኝቷት «ምግቡን ብማርስ?» አላት። «እግሬንስ ብሰበስብ?»

ኡጊሎይ አተኩራ አየችው። «መስከረም አጋማሽ ላይ እመጣለሁ» አለችና ሄደች። እሺም እምቢም አላለችም።

ወደ ውስጥ ሲመለስ ቶጂ ቡቪ ሻዩን እየጨለጡ ነበር። «ምን ትገተራለህ? ያንን ሽምብራህን አውጣና ለመንገዱ ሰው አድል።»

አደለ። የዚያን ቀን መንገዱ በሙሉ ሠርግ ሳይኖር የሠርግ ኦሽ በላ። ነፃ ኦሽ የሚቀበል ሰው ደግሞ ምክንያቱን ሳይጠይቅ አይቀበልም። እያንዳንዷ ሴት በሯ ላይ ቆማ «ምን ተገኘ ኡስታ?» ስትለው ዋሽቶ ማምለጥ አቃተው፤ እውነቱን ተናገረ። ስምንተኛው ቀን፣ አሥራ ሰባተኛው ቀን የሚል ፌስታል ይዘው ወደየቤታቸው ገቡ። በማግስቱ ጧት ግቢው በሴት ተሞላ።

መዳመጫቸውን ይዘው ነው የመጡት። አንዷ ትሪ ተሸክማለች፣ አንዷ የበግ ላት በጨርቅ ጠቅልላለች፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ሳኖባር ግማሽ ኩንታል ዱቄት በብስክሌት እየገፋች ነው። አንዲት ብቻ በሩ ላይ ቀረች።

«ላልተወለደ ልጅ ይሰናዳል እንዴ? ዓይን አይበላውም?»

«ለልጁ ማን አሰናዳ?» አሉ ቶጂ ቡቪ። «ለእናቱ ነው። እናቲቱ ተወልዳ አልቃለች፤ እትብቷን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ግቢ፣ ብርድ ታስገቢያለሽ!» ነሐሴ ነው፤ የምን ብርድ? ሴትዮዋ ግን ገባች።

ክርክሩ ሊጡ ሳይቦካ ተነሣ። ሙቅ የሆነ ምግብ ፍሪዘር ውስጥ ሲሰነብት ሙቀቱ አይጠፋም ወይ? ሳኖባር ይጠፋል አለች። ሌላዋ ግማሹ ይጠፋል አለች። ቶጂ ቡቪ መዳመጫቸውን አስቀመጡ።

«ባሌ ሁለት ዓመት ሳይቤሪያ ውትድርና በረዶ ላይ ተኝቷል። ሲመለስ ቀዝቅዞ ነበር? ስድስት ወለድኩለት!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሐምዳም ወዴት እንደሚያይ ጠፍቶት ሽንኩርት መክተፍ ጀመረ፤ ክርክሩም በዚያው ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእሱን ኩራት አፈር አስጋጠው። ቹችቫራ የሚሉት ነገር አለ፤ ሊጡ ተዳምጦ ተዳምጦ ብርሃን እስኪያሳልፍ ይሳሳል፣ ሁለት ጣት በሁለት ጣት ይቆረጣል፣ የጣት ጫፍ የምታህል ሥጋ መሐሉ ላይ ትቀመጣለች፣ ይታጠፋል፣ ጫፍና ጫፉ ይገናኛል። ሴቶቹ ይህን ሲያደርጉ እጃቸውን አያዩም። ስለ ሰው ባል እያወሩ፣ ስለ ጋዝ መጥፋት እያማረሩ፣ ጣቶቻቸው ለብቻቸው ይሠራሉ። ሐምዳም አካፋ የሚያክል ጭልፋ በአንድ እጁ የሚያዞር ሰው፣ አንዷን ለማጠፍ ትንፋሹን ያዘ። ሊጡ ተቀደደ። ሁለተኛዋም ተቀደደች።

«ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው?» አሉ ቶጂ ቡቪ ሦስተኛዋን አንሥተው። «መኪና ገጭቷት ነው?»

«ይማራሉ፣ አይዞዎት ኡስታ» አለች ሳኖባር። «እኔም የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ ነበርኩ። ያስተማረችኝ ኢኖያት ናት፤ መንትዮቹን የወለድኩ ጊዜ።»

«የኔ ኢኖያት? መቼ?»

«አርባ ቀን እኮ ነው የተመላለሰችው! ጧት ጧት ሾርባ ይዛ። እናቴ አንዲጃን ታማ ተኝታ፣ ማን ነበረኝ? አንዱን ልጅ እሷ ስታቅፍ አንዱን እኔ አጠባለሁ። አያውቁም እንዴ?»

ሐምዳም አያውቅም።

«እኔንም» አለች ከወዲያ ማዶ ሽንኩርት የምትልጠው። «ጋዝ የጠፋ ክረምት። የራሷን እንጨት ተሸክማ።»

«እኔ ወተቴ ደርቆ ድርጭት ፍለጋ እስከ ኩቫ ሄዳለች» አለች ሌላዋ።

«የኔው ስምንት ወር ገብቶት ነው የተወለደው። ሕፃኑን በዱቄት ወንፊት ውስጥ ጥጥ አድርጋ አስተኝታ…»

እየተቀባበሉ ቀጠሉ። ማንም ሊያስደንቀው ብሎ የተናገረ የለም፤ የሚያውቀውን ነገር የሚያስታውሱት ነው የመሰላቸው። ሐምዳም ግን ቢላዋውን አስቀምጧል። ኢኖያት ጧት ጧት ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ስትወጣ ይታየዋል። እሱ ደግሞ «ሴት ስትባል ጎረቤት ካልዞረች እንጀራ አይበላላትም» ብሎ ሲያጉረመርም ይሰማዋል። ዝም ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ትዘጋው ነበር።

አንገቱን ቀና አድርጎ በክፍቱ በር መንገዱን አየ። የሳኖባር መንትዮች ግድግዳ ተደግፈው የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላሉ፤ ጢም አውጥተዋል። ታክሲ የሚነዳው አለ። ነርስ ለመሆን የምትማረው፣ ጥርሷ የሚያምረው ልጅ አለች። ስንት ጊዜ ድስቱን አሸክሟቸዋል፣ ስንት ጊዜ ሰላም ብለውት አልፈዋል። እሱ በአንድ ጧት አምስት መቶ ሰው ያበላል፤ በልተው፣ አመስግነው፣ አግስተው ይሄዳሉ፣ በሦስተኛው ቀን እንደገና ይርባቸዋል። እሷ አንዷን ሴት አርባ ቀን ታበላለች፤ ከዚያ ሰው ይቆማል። ይህ ሁሉ ሰው ቆሟል። የራሱ ሚስት ነበረች፣ አንድ ትራስ ላይ ሃያ ስምንት ዓመት ተኝተዋል። ሐምዳም አፉን በእጁ ያዘ። አፈረም፣ ኮራም፣ ከሁለቱ የሚበልጥ ስም ያላገኘለት ነገርም ተሰማው፤ መስጊድ ውስጥ ጣሪያውን ቀና ብሎ ሲያይ የሚሰማው ዓይነት።

«ለምን አልነገረችኝም?» አለ በመጨረሻ።

«መች ጠየቅካት?» አሉ ቶጂ ቡቪ፤ በቁጣ አልነበረም። «በል ዱቄት ንስንስ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሐምዳም ሰው የማያበላ፣ የሚማር ሆነ። ቹችቫራው ዱቄት በተነሰነሰ ትሪ ላይ ሳይነካካ ተደርድሮ ፍሪዘር ገብቶ፣ እንደ ጠጠር ሲንኳኳ ወጥቶ ነው ፌስታል ውስጥ የሚገባው። ቀድመህ ካፈስከው አንድ ትልቅ ድንጋይ ነው የምታገኘው፤ አንድ ጊዜ አድርጎት አይቶታል። የበግ አንገት ሾርባው በጎድጓዳ ሳህን ይረጋና ከሳህኑ ይወጣል፣ አንዱ ለአንድ ጧት። አታላ የሚሉትም አለ፤ ዱቄቱ በላት ጮማ ተጠብሶ በጭብጥ በጭብጥ ይቀመጣል፤ የፈላ ውሃ ሲያገኝ ገንፎ ይሆናል። አራስ ከአልጋ ሳትወርድ የምትቀምሰው የመጀመሪያው ምግብ እሱ ነው። ድርጭቶቹ ለብቻቸው ጥግ ይዘዋል። ቁጥር ማንም አልጻፈም። «ሆዷ የጠየቃትን ቀን የጠየቃትን ትበላለች» አሉ ቶጂ ቡቪ፤ «ሠራዊት አደረግካት እንዴ?»

እግሩም ቀረ። የሠርግ ወቅት ነው፣ በየቀኑ ይጠሩታል። ትልቁን ጭልፋ ወሰደና ሃያ ዓመት ሲፎካከረው ለኖረው ለሶዲቅ ኡስታ ሰጠው።

«እስከ ኅዳር መጨረሻ ሠርግም ለቅሶም አልሄድም» አለው።

«ምነው፣ አራሱ አንተ ነህ እንዴ?» ብሎ ሶዲቅ ሳቀበት።

«አዎ» አለ ሐምዳም። ሶዲቅ ሳቁን የት እንደሚያደርሰው ጠፋው።

መስከረም አጋማሽ ላይ ኡጊሎይ ቃሏን ጠብቃ መጣች። ፍሪዘሩን ከፍታ እስከ ታች ድረስ አየችው። «አታላ ይሥሩልኝ» ብላ ብቻ ተቀመጠች።

ሠራ። አንድ ጭብጥ አወጣ፣ ለዘብ አደረገው፣ ውሃውን በቀጭኑ እያንጠባጠበ አማሰለው። ጨው ነሰነሰ፤ መነስነሱን ረስቶ እንደገና ነሰነሰ። ኡጊሎይ የመጀመሪያውን ማንኪያ አፏ ውስጥ ይዛ ቆየች። ከዚያ ሳህኑን ጨረሰች፤ የቀረውንም በዳቦ ጠረገችው።

«ጨው በዝቷል» አለች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «የሙየሰርን ልብስ ማክሰኞ እልካለሁ።»

ሐምዳም በሩን ዘግቶ ግንባሩን እንጨቱ ላይ አስደገፈ።

ሕፃኗ በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት ተወለደች። በሦስተኛው ቀን ሙየሰር ታቅፋት ስትገባ ሐምዳም እጁን ሁለት ጊዜ ታጥቦ እንኳ መንካት ፈራ። ጥፍር አላት። ይህን ነገር ማንም ሳይነግረው ቀርቶ ይሆን? ከሰሊጥ እምብዛም የማትበልጥ ጥፍር፣ ያውም ሙሉ አሥር፣ አንዷም ሳትረሳ። ማን ቁጭ ብሎ ሠራው? ሙየሰር በእናቷ አልጋ ላይ እግሯን ዘርግታ አታላውን በላች፣ አላባት፣ ተኛች። ሴቶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተራ ገቡ፤ ሕፃንና አራስ በአርባው ውስጥ ለአፍታም ብቻቸውን አይተዉም። ቶጂ ቡቪ ማንም ተራ ሳይሰጣቸው በየቀኑ መጡ።

በሃያ አንደኛው ቀን ሳይመጡ ቀሩ። በሃያ ሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ልጃቸው መጥታ በሩን ሳታልፍ ውጭ ቆመች። ራሷ ላይ ነጭ ሻሽ አስራለች። ሐምዳም ገና ሲያያት ገባው።

«አይቅረቡ ኡስታ» አለችው እያለቀሰች። «ትላንት ታውቋት ነበር መሰለኝ፣ አደራ ብላኛለች። ‹ሐምዳም ለቀብሬ እንዳይመጣ። ከመጣ ከቃሬዛው ተነሥቼ በጫማ ነው የማባርረው በይው› አለችኝ።»

እንባው ከሳቁ ጋር ተቀላቅሎ ወረደ።

በዚያ መንገድ ቃሬዛ ሲያልፍ ሰባት እርምጃ ሳይሸኝ የሚቀር ወንድ የለም። ከሰዓት በኋላ ሲያልፉ እግራቸውን ሰማ፤ ብዙ ወንድ በጥድፊያ ሲራመድ የሚሰማው ያ ድምፅ። ሐምዳም በአጥሩ ውስጥ በኩል ቆሞ ነበር። ድምፁ አጠገቡ ሲደርስ ትከሻውን ባዶውን ዝቅ አድርጎ፣ ግንቡን ተከትሎ፣ ሰባት እርምጃ አብሯቸው ሄደ። ሰባተኛው ላይ የጓዳው በር ነበር። ገባ።

የመንገዱ ሴት ሁሉ ለቅሶ ቤት ነው። ከለቅሶ ቤት የወጣች እግር ደግሞ ወደ እነ ሙየሰር አትገባም፤ ሰባቱ ቀን እስኪያልፍ ተራ የሚገባ የለም። ሐምዳም ይህን ያሰበው ክዳኑን ከፍቶ ቆሞ ሳለ ነው። ከአሁን በኋላ እሱ ብቻ ነው። አንድ ፌስታል አነሣ፣ የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው አወቀ። የሳኖባር ቹችቫራ ወፍራም ነው፤ ይሄኛው አንድ ጎኑ ዘመም ይላል፣ ቶጂ ቡቪ የቀኝ አውራ ጣታቸው አልታጠፍ እያላቸው። ውሃ ጣደ። ሙየሰር ሳህኑን ተቀብላ አየችው፣ አባቷን አየችው። አንድም ሳታስቀር በላች፣ ከዚያ ልጇን ጡቷ ላይ አደረገች። አሮጊቷ ያን ሰዓት አፈር ለብሰዋል፤ እጃቸው ግን እዚህ ክፍል ውስጥ ሕፃን እያሳደገ ነው። ሐምዳም ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

ጨርቅ አጠበ። ውሃ አሞቀ። ሙየሰር ስትታጠብ ሕፃኗን ይዞ ግቢውን ዞረ፤ ሠርግ ላይ የሚያንጎራጉረውን ሌላ ስለማያውቅ እሱኑ አንጎራጎረላት። ጧት ሾርባ፣ ረፋድ ላይ አታላ፣ ቀን ድርጭት። ፍሪዘሩ ከላይ እየጎደለ ሲሄድ እሱን ከውስጥ የሆነ ነገር እየሞላው መጣ።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ በቀስታ ተንኳኳ።

«ኡስታ፣ እኔ ነኝ።» የኡጊሎይ ድምፅ ነው።

ሐምዳም ሮጦ መቀርቀሪያውን ከውስጥ ያዘ። «ኩዳ፣ ከየት ነው የሚመጡት?»

«ከቶጂ ቡቪ ቤት። ለቅሶ ደርሼ ነው።»

«አይግቡ!»

ቃሉን መልሶ ሊይዘው ሞከረ። ልጁን መልሳ የሰጠችውን ሴት፣ ኩዳውን፣ ከደጁ መለሳት! ከበሩ ማዶ ግን ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

«አልገባም» አለች ኡጊሎይ። «ቤቴ ሄጄ ታጥቤ፣ ሰባቱ ሲያልፍ ልምጣ ብዬ ነበር። እግሬ አላልፍ አለኝ። ከእሷ ጋር ማን አለ?»

«እኔ።»

«ከእርስዎ ሌላስ?»

«እኔው ነኝ።»

«ምን በላች?»

ሐምዳም ነገራት። ጧት የበላችውን፣ ረፋድ ላይ የበላችውን፣ ድርጭቱን ግማሹን እንደተወችውና ከሰዓት መልሳ እንደጨረሰችው፣ አታላው ላይ ጨው እንደቀነሰ።

«ወተቷስ?»

ይህን ቃል ዕድሜ ልኩን ከሴት ጋር አውርቶ አያውቅም። «ሞልቷል። ትላንት በግራ በኩል ጠጥሮባት ነበር፣ ሙቅ ጨርቅ እያደረገች ለቀቃት። ሕፃኗ ዛሬ ሦስት ጊዜ ወጥቷታል፣ ቢጫ ነው፣ ጥሩ ቢጫ።»

ከማዶ ምንም አልተሰማም። ሐምዳም ሄደች ብሎ ጆሮውን እንጨቱ ላይ አደረገ። ኡጊሎይ እያለቀሰች ነበር፤ እንደ ሌላው ነገሯ ሁሉ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ወዲያው ከቤት ውስጥ ሕፃኗ አለቀሰች። ቀጭን አልነበረም፤ ግቢውን የሚሞላ፣ ቁጣ ያለበት፣ የጤነኛ ሰው ጩኸት ነው። ሁለቱም በሩን መሐላቸው አድርገው አዳመጡ። ሐምዳም ጠጉሩ ቆመ። ከአንድ ወር በፊት ይህ ድምፅ በዓለም ላይ አልነበረም።

«ሰሟት?» አለ በሹክሹክታ።

«ሰማኋት።» ኡጊሎይ አፍንጫዋን ጠረገች። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ለሴት ጎረቤቷ የምትናገርበት፣ ቀለል ያለው ነበር። «ምን ቆመው ያወራሉ እንግዲህ? ይሂዱ፣ ልጅቷ እያለቀሰች፣ ድስት ጥደው የለም እንዴ?»

ጥዶ ነበር። ሐምዳም ኡስታ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ሮጠ። ከበሩ ውጭ የሚሄድ እግር አልተሰማም፤ ኡጊሎይ ገና ቆማ ታዳምጣለች።